ሙሽራዋ ያላየችው መንገድ

የጎንደር ቁስቋም ሰው ሬዲዮ ሲዘጋበት፣ የውሃ መሳቢያ ሲያስቸግረው ወይም ሞተር ሲያንገራግርበት ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ያውቃል። ወደ እኔ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከዘይት ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ሞተር የተማርሁትም አንዱን በታትኜ እስኪገጣጠም ድረስ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ነው። ዛሬ ጥርሴ ቢሳሳም ሞተሬን የሚነዳልኝ ሰው አልፈልግም። አንድ ጊዜ ያሰርሁትን ነገር ደግሞ ዞሬ አልፈትሽም፤ ፈትሼም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ መንገዱን ማን እንደሄደበት እንድታውቁት ነው።

የሄድሁት ለባለቤቴ ለማሪቱ ነው። ማሪቱ ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፣ በበቅሎ ተጭና እኔ ዘንድ ስትመጣ እንደ ወጉ ከራስ እስከ እግሯ ተሸፍና ነበር። ለመልስ ስንሄድ መኪና ተገኘና በዋናው መንገድ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያም ሁልጊዜ በዋናው መንገድ ሆነ። የሠርጓን መንገድ ዓይኗ አላየውም።

«በጆሮዬ ነው የማውቀው» ትላለች። «አንድ ቦታ ውሃ ይፈሳል። በቅሎዋ ቀጥ አለች። እርጥብ እጅ እጄን ጨበጠኝና ለቀቀኝ። የት ነው? እጁስ የማን ነው?»

እኔ ከሚዜዎቼ ጋር ፊት ፊት እየዘፈንሁ ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ ተጠይቄ ያልመለስሁት ጥያቄ ይህ አንዱ ብቻ ነው። ዘንድሮ ጉልበቷ ከደጅ አላሳልፍ አላት። አንድ ምሽት ተቀምጣ «ሳልሞት ባየው» አለች። «አሳይሻለሁ» አልኋት። እኔ ያልሁትን ደግሞ አደርጋለሁ።

ልጃችን ሰናይት ሆስፒታል ትሠራለች። ከሥራ ባልደረባዋ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ካሜራ ተውሳ አመጣችልኝ። አብሮት የመጣውን የፕላስቲክ ማሰሪያ አየሁትና ሳቅሁ። በኮረኮንች ላይ እንደ ብስኩት ይሰበራል። አሮጌ የጎማ ላስቲክ ሸንሽኜ፣ ንዝረቱን እንዲውጥ ከሥሩ ደራርቤ፣ በላዩ በሽቦ ጠፍሬ ከፊት መብራቱ በታች አሰርሁት። በቅሎ መንገድ የምታይበት ከፍታ ያ ነው።

«አባዬ፣ መሪው ላይ ብታደርገው አይሻልም? እዚያ ሆኖ እኮ አንተ አታየውም» አለች ሰናይት።

«እኔ እሱን አይቼ ምን ልሠራ? መንገዱን የሚያየው እሱ ነው።»

ሽቅብ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመናኸሪያ ሾፌሮች ጠይቄ በማለዳ ወጣሁ። የቤንዚኑን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ብትሰሙ ከሞተሩ ላይ ትወድቃላችሁ። ካሜራውን አላበራሁትም። መንገዱ መቀረጽ ያለበት ሙሽራ በሄደችበት አቅጣጫ፣ ከአባቷ ቤት ወደ እኔ ነው፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያሰብሁት።

ኮሶዬ ላይ ደመናው ከገደሉ በታች ተኝቶ ነበር። እንደ ተባዘተ ጥጥ ሸለቆውን ሞልቶት፣ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል። እኔ የቆምሁ፣ ተራሮቹ በዝግታ ወደ እኔ የሚመጡ መሰለኝ። አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ከዳገቱ ጫፍ ሆኖ ሣሩን እየነጨ ቀና ብሎ አየኝ፤ አላመነኝም መሰለኝ መልሶ አቀረቀረ። እኔም ለጊዜው ራሴን አላመንሁትም።

አምባ ጊዮርጊስ

ገበያ ነበር። ገብስ በጆንያ፣ ድንች በክምር፣ ብርዱ በነፃ። ዳቦ በሻይ እየበላሁ ሳለ አንዲት ድንች ሻጭ ሞተሬን ዞራ ዞራ አየችው።

«አያ፣ ምነው ሞተርዎ አፍንጫ አወጣ?»

«ዓይን ነው እንጂ።»

«እንግዲያው እኔን ያንሳኝና ጎንደር ባል ፈልጉልኝ!»

«ድንችሽንም አብሮ ያንሳው?»

«እሱንስ አይቶ የሚቀር የለም!» አለች፤ ገበያው ሳቀ።

ከአስፋልቱ ወጥቼ በገብስ ማሳ መካከል ወደ ማሪቱ አባት ቀዬ ወረድሁ። ታላቅ ወንድሟ አያ ደሴ ከበር ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። እስከ ዛሬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ሙሽራው! ምነው፣ በቅሎህን ምን ነካት? ትጮኻለች።»

ጠላ ቀዳልኝ። የመጣሁበትን፣ የማሪቱን ጥያቄና የካሜራውን ነገር ስነግረው ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንሁ፤ ድምፅ ሰጠኝ፤ መቅረጽ ጀመረ ማለት ነው። ኮፍያዬን ላመጣ ገብቼ ስመለስ አያ ደሴ ከሞተሩ ፊት ቆሞ አንድ ነጭ ነጠላ ሲያስር አገኘሁት።

«የሙሽራ በቅሎ ባዶዋን ከዚህ ቤት አትወጣም» አለ። «ነጠላው የእናታችን ነው። መልስልኝ ታዲያ።»

ከኋላ ሆኜ ሳየው ዘርፉ በነፋስ ይውለበለባል። ሸጋ ነው አልሁ። አልፈተሽሁም።

ምንጩ

አያ ደሴ «እስከ ምንጩ ልሸኝህ» ብሎ ከኋላዬ ወጣ። ወገቤን እንደ ሰከረ ሰው አነቀው። የድሮው የበቅሎ መንገድ ዛሬ ጠጠር ፈሶበታል፤ ግን ጠርዙ ያው ነው፣ ጦስኙም ያው ነው። ጎማው ሲረግጠው ሽታው ይነሣል። ግራና ቀኝ ብርሃን ብቻ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ሰማይ ላይ እየሄድን ይመስል ነበር።

ውሃው ዘንድ ሞተሩን አጠፋሁ። ጥልቀቱን በበትር ልለካ ወደ ታች ወረድሁ። ዞሬ ሳይ አያ ደሴ ከምንጩ ጠጥቶ፣ ከሞተሩ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይጸልያል ብዬ ተውሁት። ስመለስ «በል ሂድ» አለኝና በእግሩ ወደ ቤቱ አዘገመ።

ቁስቋም

በማግስቱ ሰናይት ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ማሪቱ ነጠላዋን አስተካክላ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።

ቴሌቪዥኑ ነጭ ሆነ። ነጭ ብቻ። አንዳንዴ ጥላ ያልፋል፣ አንዳንዴ ፀሐዩ በክሩ መካከል ይንጠባጠባል።

«አባዬ፣ ጭጋግ ነበር እንዴ?» አለች ሰናይት። ከዚያ ገባትና አፏን ያዘች። «የቀረጽኸው እኮ ነጠላ ነው!»

ላጠፋው ተነሣሁ።

«ተወው!» አለች ማሪቱ። ዓይኗን ከነጩ አልነቀለችም። «እንዲህ ነበር። ያን ጊዜም ያየሁት ይህንኑ ነው።»

ሞተሩ ጠፋ። ውሃ ተሰማ። ማሪቱ ጆሮዋን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘነበለች። ቀጥሎ የአያ ደሴ ድምፅ መጣ፤ ከቅርብ፣ ጆሮዋ ላይ እንዳለ።

«ማሪቱ፣ እኔ ነኝ። ያን ዕለት እጅሽን የያዝሁት እኔ ነኝ። ውሃ ጠጥቼ እጄን አላደረቅሁም ነበር። ብናገር ድምፄ ያጋልጠኛል፣ ወንድ አለቀሰ ይሉኛል ብዬ ዝም ብዬ ለቀቅሁሽ። የሸኘሁሽ እስከዚህ ነው። አሁንም ጉልበቴ ከዚህ አያሳልፈኝም።»

ማሪቱ መዳፏን ዘርግታ አየችው። ከዚያ እንደ ረጠበ እጅ በቀሚሷ ጠረገችው።

እንግዲህ በዚህ ጉዞ ያደረግሁት ይህ ነው፦

ካሜራ በጎማ ላስቲክ አስሬ ያን ሁሉ ኮረኮንች አልፌ፣ አንዲት ሽቦ እንኳ ሳይላላ አምጥቻለሁ።

አያ ደሴን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ላይ አውጥቻለሁ፤ አልጣልሁትም።

ሙሽራ የምታየውን በትክክል ቀርጫለሁ። ይህን በጎንደር ሌላ ያደረገው ሰው ካለ ይምጣ።

የማን እጅ እንደሆነ አሳውቄያለሁ። ከእንግዲህ የማልመልሰው ጥያቄ የለም።

የእናታቸውን ነጠላ ብቻ ለአያ ደሴ መመለስ አልቻልሁም። ማሪቱ ተከናንባው ተቀምጣለች።