ሳጥኑን ያስገሳችው ጭጭ

ያ በጋ ሙቀቱ ሌላ ነበር። ከቀትር በኋላ የቆርቆሮው ጣሪያ ጧ ጧ ይላል፣ የበሩ እጀታ ያቃጥላል፣ ሰው ሁሉ ነገረኛ ሆኖ ነበር። አክስት ግን ያን በጋ ስታስታውስ ከሙቀቱ ቀድሞ ጆሮዋ ላይ የሚመጣው ከጓሮ ክፍል ይሰማ የነበረው የአንባቢው ድምፅ ነው።

አንባቢው ተከራይዋ ነበር፤ ጡረታ የወጣ፣ መለሎ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት ጮክ ብሎ እያነበበ በኮምፒውተር ይቀዳል። አክስት ልብስ አሰጣለሁ ብላ ወጥታ፣ እርጥቡን ልብስ እንዳቀፈች መስኮቱ ሥር ቆማ የቀረችበት ቀን ብዙ ነው። በዚያ በጋ ጉሮሮው ላይ እብጠት ተገኘበት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው እንደማይቀር፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ እንደነበረ ላይመለስ እንደሚችል ቁርጡን ነገረው። ቀጠሮው ሰኞ ነው። የጀመረው ትልቅ መጽሐፍ ደግሞ የመጨረሻው ምዕራፍ ቀርቶታል።

ኮምፒውተሩን የገጣጠመችለት ጭጭ ናት፣ የአክስት የእህት ልጅ። ጭጭ የተባለችው በሹፈት ነው፤ ጨቅላ ሳለች ሆዷን አየር እየነፋት ሰፈሩን በለቅሶ ታናውጠው ነበር። እናቷ ሥራ ስትውል የምትይዛት አክስት ናት። አክስት ዕድሜዋን የፈጀችው ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነውና፣ ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ማስገሳት ታውቅበታለች። ያቺ አልቃሻ አድጋ የኮምፒውተር ጠጋኝ ወጣት፤ ያውም ዝምተኛ።

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ በሙቀት ሲጮህ ማይክሮፎኑ እየሰማ አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ ጭጭ ማራገቢያውን አውጥታ ማሽኑን በውሃ የሚቀዘቅዝ አደረገችው። ትንሽዬ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ እየገፋ በጋለው ዕቃ ላይ ያሳልፈዋል፤ ውሃው ራዲያተር ውስጥ በርዶ ይመለሳል፣ ልክ እንደ መኪና። ፓምፑም እንዳይሰማ ብላ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋ፣ ዝቅ አድርጋ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት አንባቢው የቀዳውን መልሶ ሲያዳምጥ፣ ከድምፁ ሥር የሆነ ነገር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጭጭ ተጠርታ እያለከለከች መጣች።

«ሳጥንሽ ሆዱን ታሟል» አላት። «ጀግናው ሊሞት ሲያጣጥር ከበስተኋላ ሆድ ይጮኻል። አድማጮቼ የእኔ ሆድ መስሏቸው ምሳ ይልኩልኛል።»

«ጋሼ፣ አይቀልዱ። ሰኞ እኮ ነው!»

«ካልቀለድኩ ምን ልሥራ፣ ልጄ?»

ጭጭ የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን ፈታ በባትሪ አየችው። ቱቦው መታጠፊያ ላይ አንድ የአየር አረፋ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል፤ ወደፊትም አይሄድ፣ ወደኋላም አይመለስ። ቱቦውን በጣቷ ጫን ለቀቅ አደረገችው። የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፈተች። አረፋው ንቅንቅ አላለም። ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እኔው ነኝ ያፈንኩት» አለች። «እንዳይሰማ ብዬ ፓምፑን አቅም አሳጣሁት። ውሃው እንዲህ እየተንፏቀቀ እንዴት አድርጎ አየር ይገፋል?»

«እና ምን ይሻላል?» አለች አክስት።

«መጀመሪያ ይጩህ፣ እትዬ። ጮኾ ይውጣለት።»

ከፓምፑ በቀር የሌላውን ዕቃ ሁሉ ኤሌክትሪክ ነቀለች። ውሃ ቢፈስ እንዲታይ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፈች። ከዚያ ፓምፑን በሙሉ ኃይሉ ለቀቀችው። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ሳጥኑን እቅፍ አድርጋ ወደ ቀኝ አዘነበለችው፣ ወደ ግራ መለሰችው፣ ወደኋላ ጋደል አድርጋ ጎኑን በመዳፏ ቸብ ቸብ ታደርገው ጀመር።

አክስት ክው አለች። የራሷ እጅ ነው! አንዱ ክንድ ከሥር፣ የሌላው እጅ መዳፍ ጎድጎድ ብሎ፣ አመታቱ እንኳ ሳይቀር።

«አንቺ፣ ይህን ማን አሳየሽ?»

«ምኑን?»

«እንዲህ አድርጌ ነበር የማስገሳሽ።»

«አየር ወደ ላይ ነው መንገዱ፤ እኔ በሩን ማሳየት ብቻ ነው» አለች ጭጭ፣ ቀና ሳትል። «ይልቅ ነይ ያዢልኝ።»

አክስት ቱቦውን ያዘች። ውሃው ከጣቷ ሥር እንደ ደም ሥር ይመታል። ያን ጊዜ አረፋው ተላቀቀ። ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ብትንትን ብሎ ሽቅብ ወጣ፤ ማጠራቀሚያው ወተት መሰለ፣ ቡልቅ አለ፣ ጠራ። የውሃው ልክም ዝቅ አለ። ይህን ሁሉ ቦታ ለካ ምንም የማይታይ ነገር ይዞት ኖሯል! ጭጭ የጎደለውን ሞላች፤ ወረቀቱ ደረቅ መሆኑን አይታ ሁሉንም መልሳ ሰካች፤ ፓምፑን ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገችው።

ዝም አለ።

አንባቢው ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጠፈ። «በርቷል?»

«በርቷል።»

አክስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ውሃው ይሄዳል፤ ዓይኗ ያያል፤ ጆሮዋ ግን ምንም የለውም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም።

አንባቢው ጊዜ ሳያጠፋ ወንበሩን ስቦ ማንበብ ጀመረ። በሩ ሲከፈት ሲጥ ስለሚል አክስትና ጭጭ መውጣት አልቻሉም። ወለሉ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ትንፋሻቸውን ቆጥበው፣ ምዕራፉ እስኪያልቅ ተቀመጡ። ያ ወፍራም ድምፅ ምንም ሳይቀላቀልበት ክፍሉን ሞላው፤ ጭጭ እንባዋን እንኳ የጠረገችው ቀሚሷ እንዳይንሿሿ እየተጠነቀቀች ነው።

አንባቢው ከቀዶ ጥገናው ሲመለስ የቀረው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ያ ምዕራፍ ግን አለ፤ አክስት ዛሬም ልብስ ስታጥፍ ትከፍተዋለች።

ጭጭም ዛሬ ከወንዝ ማዶ ባለው የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ ምድር ቤት፣ ከቀረጻው ክፍል አጠገብ።