ለዘነበ ያወጣሁለት ፉከራ

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ወጣት ቀጠረ። መሐል ሜዳ ከተማ ካለው ቢሯችን ገብታ ወንበሯ ሳይሞቅ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ማርኬቲንግ የት ነው የተማሩት?» አለችኝ።

«ማርኬቲንግ ነው ከእኔ የተማረው» አልኋት።

ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነው። ፊደል የቆጠርሁት ያለ አስተማሪ ነው፤ ከቀየት እስከ ዓለም ከተማ እንደ እኔ በርኖስ የሚሸጥ ሰው አልነበረም። ነጋዴዎች ተሻምተውብኛል። ሌላው ሻጭ በርኖሱን አጣጥፎ ይደረድራል፤ እኔ ሰው ላይ አለብሰዋለሁ። በርኖስ ደግሞ ከኋላ ካልታየ ውበቱ አይታወቅም።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለዚህ ሥራ ባበቃኝ የገበያ ቀን፣ የሐምሌ ብርድ አጥንት ይሰብራል። በረዶ ጥሎ አባርቷል፤ ገበያው እርጥብ ሱፍና የገብስ አረቄ ይሸታል። ለአረቄ ቤቶች ውሃ የምትቀዳ ደብሪቱ የምትባል ልጅ እየተንቀጠቀጠች አለፈች። ዕድሜዋ ገና ነው፤ ቁመቷና ትከሻዋ ግን የአባቷ ነው። አባቷ ሰው ገድሎ ቆላ ከወረደ ወዲህ ሰብሳቢ የላትም። ጥቁሩን በርኖስ አለበስኋትና ጀርባዋን ለገበያተኛው ሰጥታ እንድትቆም አደረግሁ። እሷን ሞቃት፤ ለእኔም ገዢ ጎረፈልኝ።

የሟቹ ወንድም ዘነበ ከአረቄ ቤት ወጣ። ከኋላ ያንን ትከሻ ሲያይ ደመኛው የተመለሰ መሰለው። መጥረቢያውን አንስቶ ተንደረደረ። መጥረቢያው ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ እርጥብ ግንድ የሚፈለጥ ይመስል ነበር። ወፍራሙ ሱፍ ባይዘው ክንዷ መሬት ይወድቅ ነበር።

ተገልብጣ ፊቷን ሲያይ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ በእኛ አገር ደም ከሴት አይፈለግም። እሱ ግን «የእሱ ዘር ናት! ዘር አላስቀርለትም!» ብሎ መጥረቢያውን እንደገና አነሳ። በዱላዬ አፉን አልሁት። ጥርሱ ረገፈ። እሱም በመጥረቢያው ዛቢያ ግንባሬን ተረተረው፤ ደሙ ዓይኔን ጋረደኝ። ሰዉ ዱላውን ተደግፎ ያያል፤ በደም ነገር ማን ይገባል?

ጉልበት እንደማያዋጣኝ ገባኝ። የበርኖሱ ክምር ላይ ወጣሁ። ደሙን የመለሰ ሰው መፎከሩ ወግ ነው፤ እኔ ቀደምሁትና በገበያ ድምፄ ፎከርሁለት፦

«ዘራፍ ዘነበ ነው፣ ደም መላሹ ጀግና፣
እንስራ ያዘለች ጣለ ከጎዳና!»

አንዲት ድንች ሻጭ ሽሙጡ ገባት። «እልልል! እሰይ የእኛ ወንድ!» አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ገበያው በእልልታና በሳቅ ተናጋ። የዘነበ ክንድ አየር ላይ ቀረ።

«ዝም በሉ! ዝም በሉ እላለሁ!» ይላል፣ አፉ ደም ሞልቶ።

ማን ዝም ይበል? መጥረቢያውን ጣለ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ «በሕግ አምላክ!» ብለው ከበቡት።

ደብሪቱን በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ግንባሬ ሲሰፋ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚረዳ አንድ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ይህን ምላስ በበርኖስ ታባክነዋለህ?» አለኝ። እንዲህ ነው እዚህ ሥራ የገባሁት። ስንቱን ቋጣሪ እጁን አስፈትቻለሁ! ደብሪቱም ዳነች፤ ቀኝ እጇ አልነሳ ቢላት በግራዋ ልጆች አሳድጋለች።

ወጣቷ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ዘነበስ?» አለችኝ።

ዘነበ ከዚያ ወዲያ ገበያ ሳይወጣ ሞተ። የልጅ ልጁ ዛሬ ከምንረዳቸው ልጆች አንዱ ነው። ትናንት ግቢያችን ውስጥ ጓደኞቹ ከበውት ያችኑ ግጥም እየዘፈኑ በጥፊ ይመቱታል፤ እሱ ጆሮውን ደፍኖ ያለቅሳል። ሮጬ በተንኋቸው። አንዱ ቆም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ግጥሙን ማን ነው ያወጣው?» አለኝ።

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሠራሁትን የእኔ ነው ማለት አቃተኝ።