በጋሼ ቤት የለየኋቸው ችግኞች

ችግኝ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ውስጥ አፈር ስሞላ ነበር የምውለው። የሠራተኞቹ ኃላፊ አንድ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዛሬ ስለ እሳቸው ሳወራ ባለቤቴ "አሁንም አንቱ ትያቸዋለሽ?" ይለኛል። አፌ ሌላ አያውቅም።

ፓፓያ ወንድና ሴት እንዳለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወንዱ አበባውን በረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ያንጠለጥላል፤ ሴቷ ከግንዱ ተጠግታ ወፈር ያለ አበባ ታወጣለች። ከማበቡ በፊት ግን ማንም አይለየውም። ከቀወት ገጠር አህያ እየነዱ የሚመጡ ገበሬዎች "ሴት ሴቷን ብቻ ምረጡልን" ይሉን ነበር። አንዳንድ ችግኝ ሻጭ ሥሯን አየት፣ ቅጠሏን ዳሰስ አድርጎ "ይቺ ሴት ናት" ብሎ ይሸጥላቸዋል። ጋሼ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። "ሳያብብ አውቃለሁ የሚልህ ሌባ ነው" ይሉታል ገበሬውን። "አንድ ጉድጓድ ላይ ሦስት ትከል። ሲያብብ ወንዱን ንቀል። ለማዳቀያ ግን ጥቂት ወንድ እርሻው ውስጥ ተው።" ገበሬው ተናዶ ወደ ሌላ ሻጭ ሲሄድ ምንም አይመስላቸውም ነበር። እኔም እውነተኛ ሰው ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ሥራውን ለመድኩ።

ስዳር በሟቹ አባቴ ቦታ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ጦርነቱ ከተማችን የደረሰ ጊዜ የእሳቸውና የእኔ ቤተሰብ በአንድ አይሱዙ ተጭነን ደብረ ብርሃን ገባን። ልጆቼ የቆላ ልጆች ናቸው፣ ብርድ አያውቁም። ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጆቹን ጠቀለሉበትና እሳቸው በሸሚዝ ብቻ ኩርምት ብለው ሰነበቱ። ይህን የምጽፈው ሰውየው ክፉ ናቸው ለማለት እንዳልተነሳሁ እንዲታወቅልኝ ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ከስደት ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ ጡረታ ወጡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። እኔ ጣቢያው ውስጥ የዘር ማፍያው መደብ ኃላፊ ሆንኩ። በየጊዜው እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ ባለቤታቸው እትዬም ያለ ምሳ አይሸኙኝም።

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሙቀት፣ ጋሼ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ዓይንሽን አውሺኝ" አሉኝ። "የእኔ አላይ ብሎኛል።"

ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ከግቢያቸው ጀርባ ወዳለችው ሰርቪስ ክፍል ወሰዱኝ። መስኮቷ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። ከጣሪያው ደማቅ ነጭ አምፖሎች ተንጠልጥለዋል፣ ሁለት ቬንትሌተሮች ይዞራሉ። ከሥር ደግሞ በተቆረጡ ጀሪካኖች ውስጥ አርባ ያህል ችግኞች ተደርድረዋል። ቅጠላቸው እንደ ጉሎ ጣት ጣት አለው፤ ግን ከጉሎ ይቀጥናል፣ ጠርዙም የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። እንዲህ ያለ ተክል አይቼ አላውቅም ነበር።

"ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ አጥሯት ነው በአምፖል የሚያሳድጉት?" ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸውም ሳቁ። "የውጭ አገር የቃጫ ተክል ነው። የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ አምጥቶት ነው። ዘሩን አባዝተን ለገበሬ ልንሰጥ አስበናል። ሜዳ ላይ ካዋልነው ከሌላ ይዳቀልና ዘሩ ይበላሻል።"

ዘር እንዳይዳቀል መጠበቅ የእኔም ሥራ ስለሆነ ነገሩ አሳመነኝ። ወንድና ሴቱን እንድለይላቸው ነበር የፈለጉኝ። ሥዕል ያለበት አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ የወንዱም የሴቷም ምልክት በትልቁ ተስሏል። ርዕሱ መኖር የነበረበት የላይኛው ጫፍ በመቀስ ተቆርጧል። አየሁት፣ ግን ምንም አልጠየቅሁም። ጋሼ የሰጡኝን ወረቀት እንዴት እጠይቃለሁ?

በመጀመሪያው ቀን አንዱንም መለየት አልቻልኩም። "ገና ናቸው፣ ምልክት አላወጡም" አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ጎሽ። ሳታዪ አወቅሁ አላልሽም።"

ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየሄድኩ አያቸው ጀመር። ምልክቱ የሚወጣው የቅጠሉ ዘንግ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት አንጓ ላይ ነው፤ ከጤፍ ብዙ አይበልጥም። የጋሼን ማጉያ መነጽር ይዤ ጀሪካን በጀሪካን በጉልበቴ እሄዳለሁ። ወንዱ አጭር እግር ያላት ድቡልቡል ኳስ ያወጣል። ሴቷ ጫፏ የሾለ ከረጢት ታወጣና ከጫፏ ሁለት ነጫጭ ፀጉሮች ብቅ ይላሉ። ፀጉሮቹ እስኪታዩኝ ድረስ አልወስንም፤ ከተጠራጠርኩ ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። ያወቅሁትን ከላስቲክ በቆረጥኳት ምልክት ላይ "ሴ" ወይም "ወ" ብዬ በእጄ ጽፌ አፈሩ ላይ እሰካለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ከጋሼ ጋር እንደ ድሮው ተክል ላይ አጎንብሰን ማውራቱ ናፍቆኝ ነበር። እትዬ ውሃ ያመጡልኛል፤ ግን ከበሩ አያልፉም፣ ፊቴንም አያዩም። አሟቸው ይሆናል አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ተለየ።

"እንግዲህ ወንዶቹን ንቀያቸው" አሉኝ ጋሼ።

"ስንቱን ላስቀር?"

"አንድም አታስቀሪ።"

ማጉያውን አስቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ወንድ ከሌለ ዘሩ ከየት ይመጣል? ዘር ልናባዛ አይደለም እንዴ?"

መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ብዙ ጊዜ ወለወሉት። "የወንድሜ ልጅ እንዲህ ነው ያለኝ። ዝም ብለሽ ንቀይ።"

ነቀልኩ። ጥቂት ወንድ ተው እያሉ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው ይህን ያዘዙኝ፤ እጄ ግን ታዘዘ። የነቀልኩትን ለጣቢያው ኮምፖስት ይሆናል ብዬ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ወጣሁ።

ባለቤቴ የባጃጅ ሹፌር ነው። መጥቶ ወሰደኝና ጥቂት እንደሄድን ሽታው አፍንጫው ገባ። ባጃጁን ዳር አስይዞ ወረደ፣ ከረጢቱን ፈትቶ አየ።

"ይሄን ማን ሰጠሽ?"

"ጋሼ። የቃጫ ተክል ነው።"

"የምን ቃጫ ነው? ሀሺሽ ነው ይሄ።" ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አገር ሲዞር አይቶት ያውቃል። "ከነስሙ ነው የምነግርሽ። ሰው የሚታሰርበት።"

ቤት እንደደረስን ከጓሮ አቃጠለው። ለፖሊስ ቶሎ እንድንናገር ፈለገ። እኔ ግን አስቀድሜ እሳቸውን ልጠይቅ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። "ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"አውቅ ነበር" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትሠሪልኝ ነበር?"

"አልሠራም።"

"በቃ፣ ለዚህ ነዋ።"

እንዲህ አድርገው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ነገሩኝ። አልጮህኩባቸውም። የቀረውን ዛሬውኑ እንዲነቅሉት ለመንኳቸው። "በእመቤቴ እነቅለዋለሁ" ብለው ማሉልኝ። አምኜ ተመለስኩ። ባለቤቴንም ተው ብዬ ለመንኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ወር ሳይሞላ የጋሼ ቤት ተፈትሾ ተክሉ ሳይነቀል ተገኘ፤ ሁለት ፖሊሶችም እኔን ፍለጋ ችግኝ ጣቢያው መጡ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ ቆመው ያዩ ነበር። አንደኛው ከፌስታል ውስጥ ላስቲክ አወጣ፤ "ሴ" የተጻፈባት የእኔ ምልክት ናት።

"ጽሑፉ ያንቺ ነው?"

"የእኔ ነው" አልኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ መርማሪው የጋሼን ቃል አነበበልኝ። "ዓይኔ አያይም። ተክሉን የምታውቀው እሷ ናት። ክፍሉን አከራየኋት እንጂ ምን እንደምታበቅልበት አላውቅም" ይላል። ድጋሚ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ከዚያ ፊርማውን አሳየኝ። ስንት ዓመት በሥራ መቆጣጠሪያችን ላይ ያየሁት ፊርማ ነው፤ ሌላ ሰው ነው የፈረመው ማለት እንኳ አልቻልኩም።

አሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። የወንድማቸው ልጅ ጠፍቷል፣ የምንጠየቀው እኔና ጋሼ ብቻ ነበርን። ባለቤቴ ስንቅ ሲያመጣልኝ ስለ ጠበቃና ስለ ዋስ ያወራኛል፤ እኔ ግን "አከራየኋት" የምትለው ቃል ላይ ነበር የቀረሁት። ፈርተው ስሜን ቢጠሩ እረዳቸው ነበር። ይህ ግን ታስቦበት የተበጀ ነገር ነው። ጋሼ የታሰሩት ከእኔ ክፍል ግድግዳ ወዲያ ነው። ሲያስሉ እሰማቸዋለሁ። ድሮ እንዲህ ሲያስላቸው ማርና ዝንጅብል ይዤላቸው እሄድ ነበር። አሁን ጆሮዬን እደፍናለሁ።

ያዳኑኝ እትዬ ናቸው። በዘጠነኛው ቀን በከዘራ ተደግፈው መጡና ለመርማሪው ቃላቸውን ሰጡ። ልጅቷ አታውቅም ነበር፣ ባሌ ዋሽቷል አሉ። የዚያ የሥዕል ወረቀት ርዕስ የተቆረጠው በእሳቸው የስፌት መቀስ መሆኑን፣ ጋሼ ራሳቸው "አንብባ እንዳትጠይቀኝ" ብለው እንዳስቆረጧቸው ተናገሩ። ለእኔ ከመደወላቸው በፊት ነው ይህ የሆነው። መርማሪው ይህን ሲነግረኝ እፎይ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።

በዋስ ወጣሁ፤ ቆይቶም ዐቃቤ ሕግ መዝገቤን ዘጋው። ጋሼ ተፈረደባቸው፤ ዕድሜያቸውና ዓይናቸው ታይቶ ቅጣቱ ቀለለላቸውና ከጥቂት ወራት በኋላ ቤታቸው ገቡ። ችግኝ ጣቢያው ግን አልመለሰኝም። ጉዳይሽ እስኪጣራ እያሉ አቆዩኝና ሲጣራ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። አሁን በግቢዬ ፓፓያና ማንጎ አፈላለሁ፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ደርድሬ እሸጣለሁ።

እትዬ ያን ቃል ከሰጡ ወዲህ የባላቸው ዘመዶች ደጃቸውን አይረግጡም። ታመሙ ሲባል ሰምቼ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ በረንዳው ላይ ነበሩ። ድምፄን ለዩት።

"ልጄ፣ መጣሽ?"

"እትዬን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"ፈርቼ ነው" አሉ ሳልጠይቃቸው። "እስር ቤት ውስጥ እንዳልሞት ፈራሁ።"

"እኔ ሦስት ልጆች እንዳሉኝ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። አንቺ ገና ጉልበት አለሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።"

ወደ ውስጥ ገባሁና እትዬ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ብርቱካን ልጬ አበላኋቸው። ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቁኝ።

ባለቤቴ ከአጥሩ ውጭ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። "ይቅርታ ጠየቁሽ?" አለኝ ስገባ።

"አልጠየቁኝም።"

"ቢጠይቁሽስ?"

"ንዳ፣ ልጆቹ ይጠብቁናል" አልኩት። እሱም አልደገመውም።