የጋሽ በዳሳ የገብስ ማሳ

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበር ከመራመዴ በፊት ዋጋ መከራከር የተማርኩ ይመስለኛል። የገበያ የመጀመሪያው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ዕቃውን እንደወደድከው አታሳይ። ታነሳዋለህ፣ ታገላብጠዋለህ፣ «ይሄማ ቀለሙ ይለቃል» ትልና ትተኸው ትሄዳለህ። ነጋዴው ራሱ ጠርቶ ይመልስሃል። ሜልቦርን መጥቼ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ በኋላም ይህ ሕግ አልከዳኝም። ሰንሻይን ያለውን ቤቴን በጨረታ የገዛሁት ፊቴን እንደ ለቀስተኛ አጨማድጄ ነው። ስለዚህ ጋሽ በዳሳ መሬት ለመግዛት ሲነሱ ያደረጉትን ሳይ ምን ያህል እንደበገንኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

ጋሽ በዳሳ የአርሲ ሰው ናቸው። ያኔ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ላቨርተን ኖርዝ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዱ ነበር። አማርኛ የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ቃሉን እንደ ዘር እህል አበጥረው የሚያወጡት ይመስላል። እሁድ እሁድ ፉትስክሬይ በተከራየነው አዳራሽ አብረን እናመልካለን። ሰው ለጸሎት ተነስቶ በልመና ከጀመረ ጋሽ በዳሳ ይከፋቸዋል። መጀመሪያ የተሰጠን ይነገር፣ ልመናው ይደርሳል ይላሉ። የእኔ ልመና ሁልጊዜ ስለሚቀድም ከእሳቸው ጎን ቆሜ መጸለይ አልወድም ነበር።

እንዲህ አመስጋኝ ሆነው ሳለ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ይመኙ ነበር፤ የሚታረስ መሬት። ጓደኞቻቸው ፖይንት ኩክ የቤት ቦታ ሲያማርጡ፣ እሳቸው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከዌሪቢ ከተማ ማዶ ያለውን ሜዳ ሊያዩ ይሄዳሉ። ዛሬ ቤት በቤት የሆነው ዋይንድሃም ቬል እንኳ ያኔ ገና ሣር ነበር፤ ለእሳቸው ግን ከተማ ቀረባቸው፣ አልፈውት ነበር የሚሄዱት። ባለቤታቸው እትዬ ያለምዘውድ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተቆጡ፣ በመጨረሻ «ከዚህ ሜዳ ጋር ከምጣላ አብሬው ብኖር ይሻለኛል» ብለው ተስማሙ። ቤት መግዛቱ ቀርቶ በኪራይ ቤት ለመኖር ቆረጡ።

ለምን መሬት እንደሆነ የነገሩኝ አንድ ቀን ታክሲዬ ውስጥ ነው። አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱት የሰው መሬት ነው። መንገደኛ ቆሞ «ይሄ ያማረ ማሳ የማን ነው?» ሲል አባታቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ኋላ ይዞሩና ጋራው ጥግ የሚታየውን የባለርስቱን ቤት በእጃቸው ያሳዩ ነበር። ትንሹ በዳሳ አጠገባቸው ቆሞ ያያል። አዋጅ ወጥቶ መሬት ለአራሹ ሲባል አባትየው ከሞቱ ቆይተዋል።

«ወንዴ፣» አሉኝ፣ «እኔ አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ ሳልዞር መልስ መስጠት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በመሬታቸው መቀለድ ተውኩ። እንዲያውም ታክሲዬን ይዤ አብሬ መዞር ጀመርኩ።

መሬቱን ያገኘነው ሊትል ሪቨር ከምትባል መንደር ወደ ላይ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ነው። የበግ ሱፍ ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሁሉ ያዘነበት ጊዜ ስለነበር የሚሸጥ መሬት አልጠፋም። ይሄኛው ገሚሱ የገብስ ማሳ፣ ገሚሱ የግጦሽ ሣር ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር ድንጋይ እየተካበ የተሠራ አጥር አለው። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፤ ነፋሱ ብቻ እንደ ልቡ ይሮጣል። እኔ ድንጋዩን አይቼ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጣን እንዴ አልኩ። ጋሽ በዳሳ ግን ከመኪናው ወርደው አፈሩን በእጃቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ከዚያም ብቻቸውን ሳቁ። የሰፈራቸው አፈር ሽታ አለው አሉኝ።

የመሬቱ ባለቤት ሞቶ ወራሾቹ ከተማ ስለሚኖሩ መሬቱን በጨረታ ሊሸጡት ቀን ቆርጠዋል። ባንኩም ለጋሽ በዳሳ ሊያበድር እሺ ብሏል። እኔም ያለኝን ጥበብ ሁሉ አፈሰስኩላቸው፤ ለማንም እንዳይናገሩ፣ መሬቱን ዳግመኛ ሄደው እንዳያዩ፣ የጨረታው ቀን ከኋላ ቆመው ሌላው እስኪደክም እንዲጠብቁ። «ዝም አይነቅዝም፣ ጋሼ» አልኳቸው። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰሙኝ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ለአንድ ጉዳይ አድርሰኝ ብለው ቀጠሩኝ። ስደርስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን አቅፈው በር ላይ ቆመዋል። ምንድን ነው ስል ጭኮ ነው አሉ። ጭኮ በአገራቸው የክብር ምግብ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ይፈጭና በቅመም ቅቤ ይታሻል። ገብሱን የገዙት የፈረስ መኖ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ እትዬ ያለምዘውድ ሲለቅሙት እጃቸው ዝሏል። ለማን እንደሆነ ስጠይቅ ከመሬቱ ጋር ድንበር ለሚጋራው ለሽማግሌው ገበሬ መሆኑን ነገሩኝ። በእሳቸው አገር ጎረቤት ሳይጠየቅ፣ አብሮ ሳይበላ መሬት አይያዝም።

ታክሲውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። ሰውየው ራሱ መሬቱን ቢፈልገውስ? ጨረታ እኮ ነው፣ ሚስጥራችንን በሳህን ይዘንለት ልንሄድ ነው እንዴ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ሚስት ስታገባ ዘመዶቿን ደብቀህ ነው የምታገባት?» አሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ንዳ።»

ነዳሁ።

ሽማግሌው ክላይቭ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጅም፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በስሜ ጥሩኝ ስላለ እኔ አንተ አልኩት፤ ጋሽ በዳሳ ግን ሁልጊዜ አንቱ ነበር የሚሉት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥንና የማስተርጎሙ ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። ከጎንዎ ያለውን መሬት ልገዛ አስባለሁ፣ ጎረቤት ሆነው ይቀበሉኝ ይሆን ወይ፣ በላቸው አሉኝ። አጣምሜ ልተረጉም ምላሴ በልቶኝ ነበር። ግን ጋሽ በዳሳ እንግሊዝኛ መናገሩ ይከብዳቸዋል እንጂ ይሰማሉ። ጥርሴን ነክሼ ቃል በቃል አስተላለፍኩ።

ክላይቭ ጭኮውን በቢላ ቆርጦ ቀመሰ። ደገመ። ዕድሜዬን ገብስ ዘርቼ ለቢራ ጠማቂ ከመሸጥ ሌላ እንዲህ እንደሚበላ አላውቅም ነበር አለ። ስለ መሬቱ ግን እሺም እምቢም አላለም። ያንን ሣር ለዓመታት እየተከራየ በጎቹን ሲያሰማራበት እንደኖረ ብቻ ተናገረና፣ ሲሸኘን በጨረታው ቀን እንገናኛለን አለን። ይኸው፣ የቤታችንን ቁልፍ ሰጥተን ተመለስን አልኩ በልቤ። ጋሽ በዳሳ መንገዱን ሙሉ እግዚአብሔርን ያመሰግኑ ነበር፤ ሽማግሌው ጭኮአችንን በሉልን እያሉ።

ጨረታው የተደረገው እዚያው መሬቱ በር ላይ ነው። አጫራቹ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ይጮኻል፣ ነፋሱ ቃሉን ይነጥቀዋል። የአካባቢው ገበሬዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል፤ ድንጋይ ሊያወጣበት ለሚፈልግ ድርጅት እንደሚገዛ ሰምተናል። አጫራቹ መነሻ ዋጋ ቢጠራ የሚጫረት ጠፋ። ከዚያ ክላይቭ እጁን አነሳ።

ባለሱፉ ጨመረ። ክላይቭ ጨመረ። እኔ ጋሽ በዳሳን አየኋቸው፤ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ይሄ ጥበብ ነው፣ ምክሬን ሰምተዋል ብዬ ደስ አለኝ። ዋጋው ወጣ፤ ባንኩ ከፈቀደላቸው ልክ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ባለሱፉ ስልኩ ላይ መንሾካሾክ ሲያበዛ ጊዜው አሁን ነው ብዬ በክርኔ ጎሰምኳቸው። ንቅንቅ የለም።

«ጋሼ፣ ይጨምሩ እንጂ!»

«ሽማግሌው ጀምረውታል» አሉ።

«ታዲያስ?»

«ቤታቸው ገብቼ አብሬያቸው በልቻለሁ። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ በላያቸው ዋጋ አልጨምርም።»

ሙግት ሳልጀምር መዶሻው ወረደ። መሬቱ የክላይቭ ሆነ።

ጋሽ በዳሳ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ያን ያህል ዘመን የጠበቁት ነገር ፊታቸው ላይ ሲዘጋ አየሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ወደ ክላይቭ ሄደው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። መሬቱ ይባረክልዎት በልልኝ አሉኝ። አልኩለት፣ በንዴት።

ክላይቭ ግን ደስታ አልታየበትም። ሰውዬህ ለምን አልተጫረተም፣ ባንኩ ከዳው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወረድኩበት፤ ባንኩ እንዳልከዳቸው፣ ገንዘቡ እንዳለ፣ ሽማግሌ ላይ ዋጋ አልጨምርም ብለው ዕድላቸውን በገዛ እጃቸው እንደጣሉት።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። እሱ የመጣው ድንጋይ ቆፋሪዎቹ መሬቱን እንዳይወስዱት ነው። ጋሽ በዳሳ መጫረት ሲጀምሩ እሱ ሊወጣ አስቦ ነበር። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ እጃቸው አልተነሳም፤ ባንኩ እምቢ ብሏቸው ይሆናል፣ ምስኪን፣ ብሎ መጨመሩን ቀጠለ። ይህን ያን ዕለት ወጥ ቤቱ ውስጥ ለምን አልነገርከንም አልኩት። ሰው ገንዘብ ይኖረው አይኖረው እንደሆነ አይጠየቅም ብሎ ነው ለካ። አንዱ ሽማግሌ አከብራለሁ ብሎ ዝም፣ ሌላው እንግዳ አላሳፍርም ብሎ ዝም። በመካከላቸው እኔ አስተርጓሚው ቆሜ አላስተረጎምኩም።

«ንገረው፣» አለኝ ክላይቭ፣ «እኔ በዚህ ጉልበቴ ገብስ አልከተልም፤ ለበጎቼ ሣሩ ይበቃኛል። የገብሱን ወገን እሱ ይውሰድ፣ በገዛሁበት።»

መርካቶ ውስጥ «በገዛሁበት ልስጥህ» ያለ ነጋዴ ሁሉ ውሸታም ነው፤ አባቴም ጭምር። ክላይቭ ግን እውነቱን ነበር። መሬቱ ድሮውንም በሁለት ካርታ የተያዘ ስለነበር ጠበቃው ብዙ አልተቸገረም፤ ሳንቲም አልተጨመረበትም። ጋሽ በዳሳ ያን ዕለት ነገሩ ሲገባቸው እዚያው ሣሩ ላይ ተንበርክከው አመሰገኑ። ገበሬዎቹ አፍረው መሬት መሬት ያያሉ። ክላይቭ ባርኔጣውን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ጠበቃቸው። እኔም ተንበረከክኩ። በሕይወቴ ልመና ያልገባበት ጸሎት የጸለይኩት ያኔ ነው፤ አሁንም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ካርታው ሲወጣ ጋሽ በዳሳ ወረቀቱ አልበቃቸውም፤ ድንበሩን በእግር ካልዞርን አሉ። እሳቸውና ክላይቭ ከፊት፣ እትዬ ያለምዘውድ ጭኮ ይዘው መካከል፣ እኔ ምስክሩ በቤተ ክርስቲያን ጫማዬ ድንጋይ ለድንጋይ ከኋላ። እዚህ አገር የዘር ጊዜ በሆነው በመጸው ዝናብ ክላይቭ በራሱ ትራክተር ዘራላቸው። እሳቸው ደግሞ መጋዘኑ ዕረፍት በሰጣቸው ቀን ሁሉ የፈረሰውን የድንጋይ አጥር ካቡለት።

ገብሱ እሸት መሆን በጀመረበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄድኩ። እኔ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ጭኮ እበላለሁ፤ ጋሽ በዳሳ የመጋዘን ቱታቸውን እንደለበሱ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይለቅማሉ። አንድ መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ማዳበሪያ የሚሸጥ ወጣት ነው። መስኮቱን ዝቅ አደረገና ማሳው እንደሚያምር ተናግሮ፣ ባለቤቱን የት አገኘዋለሁ ሲል ጠየቃቸው።

ጋሽ በዳሳ ቀና አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ።

 ከኋላቸው ገብሱ ነበር፤ ከገብሱ ወዲያ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ የክላይቭ በጎች። የማንም ቤት አልነበረም።  ወደ ወጣቱ መልሰው ሲዞሩ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉት።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው።

ጭኮውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ወጣቱ ይቅርታ ጠይቆ የማዳበሪያውን ካርድ ሰጣቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ጠቆሙና ወርዶ ጭኮውን እንዲቀምስ ጋበዙት።