የአንድ ጆሮ ጉትቻ

መሐል ሜዳ ገበያ ሸክላ የምትሸጠውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ቡዳዋ» ይሏታል። ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች ሰው በሉ እንዳይባሉ አቀርቅረው ነው የሚሸጡት። እሷ ግን ቀና ብላ የመጣውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን ታያለች። በግራ ጆሮዋ የብር ጉትቻ አለ፤ ቀኙ ባዶ ነው። ጓሳ ላይ የተገደለ ጅብ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ ከተባለ ወዲህ፣ የሷ ነው ብሎ ያላመነ የለም። እሷም ሻሿን ወደ ኋላ ሰብስባ ባዶውን ጆሮ ታሳያቸዋለች።

ሰብለወንጌል ለልጇ የገንፎ ድስት ልትገዛ መጥታ፣ ገና ሳትቀርብ የታቀፈችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

ሴትየዋ አየቻት። «ዓይኔን ፈርተሽ፣ በእጄ በሠራሁት ድስት ልታበይው ነው?»

ሰብለወንጌል አፈረች። «ሰው ሲል ሰምቼ ነው እኮ። ያ ጉትቻ…»

«ልጄ አንገት ላይ ነው። ስትቀበር እኔው አሰርኩላት።» ድስቱን በጣቷ አንኳኩታ አለመሰንጠቁን አሰማቻት። «ቡዳ ናት ብለው ለቅሶ እንኳን አልደረሱኝም። እንግዲህ የፈራ ይሸፈን፤ እኔ አላቀረቅርም።»

ሰብለወንጌል ድስቱን ስትቀበል ነጠላው ከሕፃኑ ፊት ተንሸራተተ። መልሳ አልሸፈነችውም።

ሴትየዋም ልጁን ጠግባ አየችው።