የቀኝ እጄ ጓንት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በኮንትራት አስቀርተውኝ ነበር። ስለወደዱኝ አይደለም። በላቦራቶሪያችን ያለውን የጋዝ ክሮማቶግራፊ ማሽን ፈትቶ አጽድቶ የሚገጥም ሌላ ሰው ስላልነበራቸው ነው። እኔም የቀረሁት ሥራው ናፍቆኝ ሳይሆን ቤት መዋሉን ስላልቻልኩበት ነው። በየጠዋቱ ከአዘዞ በሚኒባስ ተጋፍቼ እመጣለሁ፤ ደረጃውን ስወጣ ሁለት ቦታ ላይ ቆም እላለሁ።

ማሽኑን ለማያውቅ ሰው የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው። አንዲት ጠብታ በመርፌ ትገባለች። በሙቀቱ ትተንና ጋዝ እየገፋት እንደ ክር በቀጠነ ረጅም ቱቦ ውስጥ ታልፋለች። በውስጧ ያሉት ነገሮች አብረው ይግቡ እንጂ አብረው አይወጡም፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ቱቦው ጫፍ ላይ በሃይድሮጂንና በአየር የምትነድ ከስንዴ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ነበልባል አለች። ካርቦን ያለው ነገር እዚያ ደርሶ ሲቃጠል ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ ከነበልባሏ በላይ ያለ ትንሽ የብረት ቱቦ እነሱን ይሰበስባል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ተኝቶ የነበረው መስመር ተነሥቶ እንደ ተራራ ጫፍ ይሠራና ይወርዳል። የትኛው ነገር እንደሆነ በወጣበት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሆነ በተራራው ስፋት ይታወቃል። ነበልባሏ ራሷ ግን ለዓይን አትታይም። መብራቷን የማውቀው በመውጫዋ ላይ ትንሽ መስታወት ይዤ ነው፤ መስታወቱ ላይ ላብ ካረፈ በርታለች ማለት ነው።

አንድ ሳምንት ከአይከል በኩል የታሸጉ ሦስት ጠርሙሶች ከፖሊስ ደብዳቤ ጋር መጡ። አንድ ተዝካር ላይ አረቄ የጠጡ ሰዎች ታመዋል፤ አንደኛው ዓይኔ ደፈረሰብኝ ብሏል። በአረቄው ውስጥ ሜታኖል የሚባለው መርዝ ይኑር አይኑር መርምራችሁ አሳውቁን ይላል ደብዳቤው። አረቄውን ያወጣችው ሴትዮ በዋስ ተለቃ ጎንደር ዘመድ ቤት አርፋ ነበር። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ነው። ሜታኖል ከተገኘ ክስ ነው የሚጠብቃት። በየቀኑ መጥታ ከበራችን ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች።

ሽማግሌው ዘበኛ ይቀልድባት ነበር። «አንቺ ሴት፣ ለማሽኑም አንድ መለኪያ ብትቀጂለት ኖሮ ቶሎ ይናገር ነበር።»

«አያ፣ የእኔን አረቄ ቀምሰው ቢሆን ኖሮ እርስዎም በር ላይ ተቀምጠው አያንቀላፉም ነበር» ትለዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞርና «እትዬ፣ ምነው ዘገየ?» ትላለች።

መጀመሪያ የዘገየው ለነበልባሏ የሚሆን የሃይድሮጂን ሲሊንደር እየጠበቅን ነው፤ በመጨረሻ የዘገየው በእኔ ነው። ያን ጊዜ ግን አላወቅሁም።

በተከታዩ ሰኞ ጠርሙሶቹን ከመክፈቴ በፊት የነበልባሏን መውጫ ማጽዳት ነበረብኝ። መስመሩ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ዱቄት ሲጠራቀም እንዲህ ያደርገዋል። ጋዙን ዘጋሁ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፣ ፈታሁት፣ በቀጭን ሽቦና በማጠቢያ ፈሳሽ አጸዳሁት። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በወጉ ነበር። መልሼ ስገጥመው ግን የብሎን ጥርሱ አልይዝ አለኝ። ጓንቱ የወንድ ልክ ነው፤ ጣቶቼም እንደ ድሮው አይሰማቸውም። የቀኝ እጄን ጓንት አወለቅሁና በባዶ ጣቴ አጠበቅሁት።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ራሴን አሞኝ ጎረቤቴ ቅቤ ቀብታኝ ነበር። በሻሽ ሸፍኜዋለሁ፣ ክፍሉ ግን ይሞቃል፤ እየቀለጠ በጆሮ ግንዴ ሲወርድ ብሎኑን ከማጥበቄ በፊት በዚያው እጄ ጠርጌው ነበር። ይህንንም ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ነበልባሏ በርታ መስታወቱ ላይ ላብ አረፈ። መስመሩ ግን ከፍ ብሎ ተሰቀለና አልወርድ አለ። ምንም ሳናስገባበት የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«አዲሱ ሲሊንደር ነው» አለ። «ንጹሕ ሃይድሮጂን አልላኩልንም።»

መንገድ ተዘግቶ ከርሞ በስንት ልመና የመጣ ሲሊንደር ነበር። ሌላ መጠበቅ የማይታሰብ ነው። ጠርሙሶቹን ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ አለ። እዚያ ወረፋው ስንት ወር እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ እጄን ስታጠብ ውሃው በጣቶቼ ላይ እየተንከባለለ ወረደ፤ አልረጥብ አሉ። ቧንቧውን ዘግቼ ጣቶቼን አሸተትኩ፤ ቅቤ ነው። ከቧንቧው በላይ ግድግዳው ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፤ «የነበልባሉን ዕቃ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው» ይላል።

በዚያ ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ። ሴትዮዋ ከድንጋዩ ተነሥታ አየችኝ። «ነገ» አልኳት። ሚኒባስ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ነገር መናገር እችል እንደነበር አሰብኩ፤ ግን ደክሞኝ ነበር።

በማግሥቱ ስገባ ኃላፊው የአዲስ አበባውን ደብዳቤ እየጻፈ ነው።

«አትላከው» አልኩት።

«ምነው እማማ?»

«ሲሊንደሩ ደህና ነው። የነበልባሏን መውጫ በባዶ እጄ ነክቼዋለሁ፤ እጄ ላይ ቅቤ ነበር።»

ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ ሻሼን አየ። «እኔን በዚህ ነገር መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ከክፍሉ አስወጥተውኛል እኮ!»

«አስታውሳለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ እኔ ላስወጣዎት?»

«መጀመሪያ ልጨርሰው።»

«አይ፣ ዛሬስ ይቀመጡ። እኔ ልፍታው፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አለና ጓንት አጠለቀ።

ተቀመጥኩ። ያን ማሽን ተቀምጬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በወረንጦ እንጂ በጣት እንዳይነካ፣ ሁለት ጊዜ እንዲያጥብ፣ አድርቆ እንዲገጥም ነገርኩት። ሲገጥም የጠበቀ መስሎት ሊያቆም ሲል «ትንሽ ጨምር» አልኩት፤ ጨመረ። ነበልባሏን ሳናበራ ሙቀቱን ከፍ አድርገን የቀረ ነገር ካለ ተኖ እንዲወጣ እስከ ቀትር ተውነው። ነበልባሏ ስትበራ መስመሩ ወርዶ ቀጥ ብሎ ተኛ። ንጹሕ ውሃ አስገባንበት፣ ምንም አልተነሣም። ልኩን የምናውቀውን ሜታኖል አስገባን፣ በሰዓቱ ወጣ። ከዚያ ሦስቱን ጠርሙሶች በተራ መረመርናቸው፤ አላመንንም ብለን ደገምናቸው።

ከአልኮሉ ትልቅ ተራራ በፊት አንዲት ትንሽ የሜታኖል ጉብታ ብቻ ናት የታየችው። በየትኛውም የቤት አረቄ ከምናገኘው አትበልጥም። ሰዎቹን ያሳመመው ሌላ ነገር ነው፤ ያን ማወቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ኃላፊው ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ፣ ፖስታው ታሽጎ ለፖሊስ ሄደ።

ስወጣ ሴትዮዋ አሁንም እዚያው ነች።

«እትዬ፣ ምን ተገኘ?»

«እኔ መናገር አይፈቀድልኝም። ውጤቱ ለፖሊስ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲህ» አለችና ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችው። ዘበኛውም ያን ቀን አልቀለደባትም።

ጥቂት ተራመድኩና ተመለስኩ።

«ፖሊሶቹ ስንት ጀሪካን አረቄ ነው የወሰዱብሽ?»

«አራት።»

«ከነገ ወዲያ ጣቢያ ስትሄጂ ሰው ይዘሽ ሂጂ። አራት ጀሪካን ተሸክመሽ ለመመለስ ብቻሽን አትችይም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ሰውማ መንገድ ላይ ይጠጣብኛል» አለች። «አህያ ይሻለኛል።»