አሚን የጎደለው ዱዓ

ሐይቅ ከተማ ሠርግ እየቀረጸ የሚኖር ወዳጅ ነበረኝ። አክስቴ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ቆማ ከብቶቿን ስትጠራ የቀዳሁትን ድምፅ፣ ኮምፒውተሬ በተበላሸ ሰሞን፣ እንዲያስቀምጥልኝ ሰጠሁት። ፋይሉ ምንም ያልተቀነሰለት፣ ግዙፍ ነበር። ቦታ አጣበበኝ ብሎ ወደ ኤምፒስሪ ጨመቀው፤ ያውም እስከመጨረሻው። ከዚያ ዋናውን አጠፋው።

«አብሽር፣ ጆሮ አይለየውም» አለኝ እየሳቀ።

የእኔ ጆሮ ለየው። መጭመቅ ማለት ማሽኑ «ይህን ሰው አይሰማውም» ብሎ የገመተውን ቆርጦ መጣል ነው። ስቱዲዮ ለተቀዳ ዘፈን ግምቱ ብዙም አይከፋም። ደጅ ላይ ግን ከሩቅ የሚመጣው ሁሉ ስስ ነው፣ መጀመሪያ የሚጣለውም እሱ ነው። የሸምበቆው ንፋስ ፉጨት ሆነ፤ እንቁራሪቶቹ ጠፉ፤ አክስቴ በርሜል ውስጥ ሆና የምትጣራ መሰለች። አክስቴ ሞታለች፤ ደግሜ አልቀዳትም።

«የላም ጥሪ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?» አለኝ።

ስለ ይቅርታ የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። አላሳመነኝም። ጠበቅሁ።

አምና አባቱ ዋርካ ሥር ዱዓ ሲያደርጉ እንድቀዳለት ለመነኝ፤ የእሱ ካሜራ ከንፋስ በቀር የሚሰማው የለም። በእኛ አገር ዱዓ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ተቀምጦ አሚን ይላል። ቀዳሁ። በቴሌግራም የላክሁለት ግን አድቅቄ የጨመቅሁትን ነው። አመስግኖኝ፣ ሳይከፍተው አስቀመጠው።

ዘንድሮ እናቱን ሕመም አንደበቷን ዘጋባት። ያኔ ፋይሉን ከፍቶ ደወለልኝ።

«የእማዬ አሚን የታለ? ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ነበረች እኮ! ሁሉም ሽሽሽ ነው የሚለው።»

«አብሽር፣ ጆሮ አይለየውም።»

ገባው።

«ወንድሜ፣ አፉ በለኝ። ዋናው አለህ አይደል?»

«አለ።»

«እና?»

«እያሰብሁበት ነው።»

አላጠፋሁትም፤ እንደ እሱ አይደለሁም። አንዳንዴ እሰማዋለሁ። እናቱ ከኋላ፣ ከሰዉ ሁሉ ትንሽ ዘግይታ፣ ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ አሚን ትላለች። አባቱ «ቂምን ከልባችን ያውጣልን» ያሉ ጊዜ ግን ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ማይክራፎኑ አጠገብ የተቀመጠው ሰው አሚን ነው። የእኔ። ከነትንፋሹ፣ ምንም ሳይቀነስለት።

ይህን ለእሱ የምልክበት ቀን ገና ነው።